ውቅያኖስ ልታቋርጡ ነው? ሽሮው ሳይቋጠር ይህን አንብቡ!

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ባሕር ባሕር የሚሸቱ ናቸው። አንዱ ወጣት ኢንጂነር ነው፤ «መርከብ ላይ ለመቀጠር ወረቀቴን ጨርሻለሁ፤ ውቅያኖስ ስናቋርጥ ምን ይጠብቀኛል?» ይላል። ሁለተኛዋን አሜሪካ ያለች አክስቷ «ነይ፣ በሽርሽር መርከብ አትላንቲክን አብረን እናቋርጥ» ብላታለች፤ እሷን የጨነቃት የልብሱ ነገር ነው። (ዕድለኛ!) ሦስተኛዋ ደግሞ እጮኛዋ መርከበኛ ነው። «ዘጠኝ ወር ይሄዳል፣ ሦስት ወር ይመጣል። ልጠብቀው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ጥያቄዋ።

እኔ እንኳን ውቅያኖስ ላንጋኖንም በቅጡ አላውቀው። ታዲያ ምን አገባሽ እንዳትሉኝ፣ ወንድሜ መርከበኛ ነው። እኔ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ብዕር ይዤ ስቀር፣ እሱ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የባሕር ሥልጠናውን ወስዶ መርከብ ላይ ወጣ። እሱ ውቅያኖሱን ሲያቋርጥ እኛም ቤታችን ቁጭ ብለን አብረን ስናቋርጥ ነው የከረምነው። ሌላው አማካሪዬ ደግሞ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ የተዋወቅኳቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን በንግድ መርከብ የፈጁ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ማኪያቶ ሲያማስሉ እንኳ ስኒውን በሌላ እጃቸው ይዘው ነው፤ ጠረጴዛው ያዘነብላል ብለው ይሆን እላለሁ።

«ባሕር በሌላት አገር ምን ዓይነት መርከበኛ?» የሚል አይጠፋም። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የእኛ ሰዎች ባንዲራችንን ሰቅለው ውቅያኖስ ሲመላለሱ ኖረዋል። እስከ 1990 ዓ.ም. በራችን አሰብ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጅቡቲ ወርዶ፣ «ጀነራል ማክሬ» በምትባል የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ባሕር ላይ ቆይቶ ኮሪያ ፑሳን ገብቷል። የደጋ ልጆች! ብዙዎቹ ባሕር ያዩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ከፒያሳ በእግር የሚደረስ ነው፤ ስታልፉ ያንን ሦስት ሳምንትም አስቡት።

በሽርሽሯ ልጀምር፣ ቀላል ስለሆነች። «ኩዊን ሜሪ 2» የምትባለው መርከብ ከእንግሊዝ ሳውዛምፕተን ተነስታ ብዙ ጊዜ በ7 ሌሊት ኒው ዮርክ ትገባለች። እህቴ፣ ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ ከሆነ የሁለቱንም አገር ቪዛ አስቀድመሽ ጨርሺ፤ ልብሱ ከዚያ በኋላ ይደረሳል። አትላንቲክ በበጋም ነፋሱ አጥንት ይገባል፤ ወፍራም ጃኬት ያዢ። ሰው ዘንጦ እራት የሚበላበት ምሽት አለ። ለእሱ ብለሽ ብር አትጨርሺ፣ የሐበሻ ቀሚስሽን አስተኩሺና ውረጂ፤ ዓይን ሁሉ አንቺ ላይ ነው። «ሁሉም ተከፍሏል» ቢሉሽም መጠጡና ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ለብቻው ስለሚታሰብ ለአክስትሽ ስትይ አስቀድመሽ ጠይቂ። መርከቡ ሲነሳ የአደጋ ልምምድ አለ፤ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጩኸት ስትሰሚ የነፍስ አድን ጃኬትሽን ይዘሽ ወደተባልሽበት ቦታ ነው። ፀጉር እየተሠራሁ ነው ብሎ መቅረት የለም። በ1912 እ.ኤ.አ. የሰመጠችው ታይታኒክ ጀልባዎቿ የሚይዙት ከነበሩት ሰዎች ግማሹን ብዙም ሳያልፍ ነበር፤ የዛሬው ቁጥጥርና ልምምድ ከዚያ ጉድ የተወለደ ነው። በቃ፣ የአንቺ ይሄው ነው። መልካም ጉዞ!

የኢንጂነሩ ግን ሌላ ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚገርምህ ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ማለት ካለብን! የጭነት መርከብ በሰዓት 13 ኖት ገደማ ይሄዳል። በእኛ ቋንቋ 24 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከጊዮርጊስ ቸርችልን የሚወርድ ሚኒባስ መንገድ ከተከፈተለት ጥሎት ይሄዳል። ልዩነቱ መርከቡ ሌትም ቀንም አይቆምም፣ «ወራጅ አለ» የሚል የለበትም። ከብራዚል ጭኖ ቻይና ለመግባት ከ35 እስከ 40 ቀን ይፈጅበታል። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ፣ ማታ ስትተኛ ሰማያዊ። የሚያናግርህ ሰው ደግሞ 20 ወይም 25 ቢሆን ነው፤ ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ ከአንተ ጋር ከሥራ በቀር የሚያወራው የሌለው።

ባሕሩ ያዞርሃል። አያዞረኝም የሚል ወንድ ገና መርከብ ያልወጣ ነው። ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት «ሞቼ ነበር» ነው የሚለው፤ ለእማዬ ግን «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ» ብሎ ነበር የጻፈላት። የጋሼ ምክር፦ ባዶ ሆድህን አትሁን። ደረቅ ዳቦ ብላ፣ ዝንጅብል ላስ፣ አየር ወዳለበት ወጥተህ ሩቅ ሰማይና ውኃ የሚገናኙበት ላይ ዓይንህን ትከል። ስልክህን አትይ። ክኒኑ ደግሞ የሚዋጠው ሳይጀምርህ በፊት ነው፤ ከጀመረህ በኋላ አብሮ ይወጣል።

ሞተር ክፍሉ በሞቃት ባሕር ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ጩኸቱ ለብቻው ነው። የጆሮ መሸፈኛህን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አታውልቅ፤ ጆሮ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይሰጥም። ፈረቃ ላይ ከተመደብክ አራት ሰዓት ሠርተህ ስምንት ሰዓት ታርፋለህ፤ ለምሳሌ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2፣ ከዚያ ደግሞ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል። የሠራኸውንና ያረፍክበትን ሰዓት በየቀኑ ለራስህ ደብተር ላይ ጻፍ። ወንድሜ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ጠቅሞታል፤ ዝርዝሩን ልተወው።

ሰዓቱ ራሱ ይጫወትብሃል። ወደ ምዕራብ ስትሄድ በየጥቂት ቀኑ ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ይበላሃል። በሁለተኛው ኮንትራቱ ከኮሪያ ፓሲፊክን አቋርጦ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የቀን መለወጫውን መስመር ዓርብ ዕለት አለፉ። ማግስቱ ደግሞ ዓርብ! «ሁለት ዓርብ በተከታታይ ጾምኩ፣ ለነፍስ አባቴ ንገሪልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና «ይቆጠርለታል» አሉ።

ስለ ጾም ካነሳን ምግቡን እንጨርሰው። ሩዝ ነው። ጠዋት ሩዝ፣ ቀን ሩዝ። ምግብ አብሳዩን ከመጀመሪያው ቀን ወዳጅ አድርገው፤ ጾም ምን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳው፤ ሽሮህን የምታቁላላበት ምድጃ የሚፈቅድልህ እሱ ነው። እናት ያላት ቤት እንደሚሆነው ሁሉ እኛም ቤት ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ግቢው ሁሉ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ይሆናል። ድርቆሽ ያዝ። እንጀራ ሦስት ቀን አይከርምም፣ ድርቆሽ ግን በደንብ ደርቆ ከታሸገ ወራት ይቆያል፤ ፍርፍር አድርገህ ስትበላው ዓይንህ ዕንባ ያቀርራል አሉ። ቋንጣ ግን ተው። ሥጋ በብዙ አገር ኤርፖርት ይወረሳል። የእማዬ ቋንጣ ሲንጋፖር ላይ ቀርቷል፤ እስካሁን ታነሳዋለች።

ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ አልዋሽህም። ነገር ግን በብዙ ኮንትራት ደመወዙ የሚቆጠረው መርከብ ላይ ሳለህ ብቻ ነው፤ ቤትህ በተቀመጥክበት ሦስት ወር ምንም አይገባም። በዶላር ቀጥረውኛል ብሎ በመጣ በአንድ ወሩ ቦሌን ሲያናውጥ ከርሞ፣ ለመሄጃው ሻንጣ ከእህቱ የተበደረ አውቃለሁ። (ወንድሜ አይደለም። ጓደኛው ነው!) ደላላ ደግሞ «መርከብ ላስቀጥርህ፣ ይሄን ያህል አምጣ» ካለህ ሸሽተህ አምልጥ። በዚያው ስምምነት መሠረት ለማስቀጠር ከመርከበኛ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። አንተ እንድትከፍል ሊደረግ የሚችለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምስክር ወረቀትና ለባሕረኛ መጽሐፍህ ነው። መርከቡን እንደ ድልድይ ቆጥረህ ወደብ ላይ ለመጥፋት የምታስብ ከሆነ ደግሞ ይሄን አስብ፦ አንተ ስትጠፋ ኩባንያው ከኋላህ ያሉትን የባቦጋያ ልጆች ሁሉ በዚያው ዓይን ያያል።

አደጋም አለ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲከፍቱ ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል አዞሩ፤ ጉዞው በ10 ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ «ትሩ ኮንፊደንስ» በምትባል የጭነት መርከብ ላይ ሦስት መርከበኞች ሞተዋል። ከመፈረምህ በፊት ኮንትራትህ ስለ አደገኛ ቀጠና ምን እንደሚል ቃል በቃል አንብብ። ያልገባህን ጠይቅ፤ አላዋቂ እንዳይሉኝ ብለህ አትለፍ።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ሥልጠናው ላይም ይነግሩሃል። የማይነግሩህ፣ አንተ ውቅያኖስ ላይ ሳለህ ቤትህ የሚሆነውን ነው።

ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር። የአያቴ ቤት። ማታ በጥብስ ሽታ ተኝተን ጠዋት በጊዮርጊስ ቅዳሴ የምንነሳ የፒያሳ ልጆች ነን። ወንድሜ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሲሄድ የግቢውን ቁልፍ ከሻንጣው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አድርጎ ነው የወጣው። መርከቡ በየካቲት ባዶውን ከሲንጋፖር ተነስቶ ወደ ብራዚል አቀና። ወር ያህል መሬት የሚባል የለም፤ ኢንተርኔቱም በካርድ የሚሸጥ፣ ለጽሑፍ መልእክት ብቻ የምትበቃ ነገር ናት። በዚያው ወር ፒያሳ ላይ የኮሪደር ልማቱ መጣና ሰፈራችን ተነሳ። እኛም በቀናት ውስጥ ዕቃችንን ጭነን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። መልሕቅ ሲነሳ የነበረ ሰፈር መልሕቅ ሲጣል የለም።

ይነገረው ወይስ አይነገረው?

እማዬ «በፍጹም!» አለች። ነገሯ ደግሞ ተራ ነገር አልነበረም። «ልጄ የሚሠራው ከእሳት ጋር ነው። ሐሳብ ይዞት እጁ ሞተር ውስጥ ቢገባስ? ማን ይደርስለታል? ባሕር መሃል ሐኪም አለ?» እኔ ተከራከርኩ። «እማዬ፣ ሲመለስ በየትኛው በር ሊገባ ነው?» አልኳት። «ሲመለስ ያኔ እናያለን፤ አሁን ደህና ነን በይው» አለች። የእናት ትእዛዝ ነው፤ በየሁለት ቀኑ «ደህና ነን» እየጻፍን ከረምን።

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ውጭ አገር ላለ ሰው በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። የጠፋው ቤት ቢሆንም ለእማዬ መርዶ ነበረ። ታዲያ የመርከብ በር በማለዳ ማን ያንኳኳል?

መጋቢት ላይ መርከቡ ብራዚል ደርሶ፣ ወረፋ እየጠበቀ ከወደቡ ራቅ ብሎ መልሕቅ ጣለ። ከባሕር ዳርቻ ኔትወርክ መጣለት። ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየው አንድ የፒያሳ ቪዲዮ ነው። ኤክስካቫተር፣ አቧራ፣ የቆርቆሮ ክምር… በዚያ መሃል የጎረቤታችንን ሰማያዊ በር አወቃት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ።

«የት ናችሁ?»

«ቤት ነን።»

«የቱ ቤት?»

ዝም አልኩ። እማዬ ነቅታ ስልኩን ተቀበለችኝና «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው፣ ዕቃው ተርፏል፣ ምንም አልሆንም» እያለች ታለቅሳለች። እሱ አላለቀሰም። «እድሩስ?» አለ። እድሩ! እኔ እስከዚያ ሰዓት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። መርከብ ላይ ሆኖ በየወሩ ሲከፍል የነበረ ሰው ነው። ግማሹ ጎረቤት በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹ በሌላ ተበትኖ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ዘንድ እንዳለ እንኳ ገና አልታወቀም ነበር። «እማዬ አንድ ነገር ብትሆን ማን ሊቆም ነው?» አለኝ በኋላ፣ እሷ ስልኩን ከመለሰችልኝ በኋላ።

የባሰው ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። «ደህና ነን» ስንለው አያምንም። ከብራዚል ቻይና እስኪደርስ ባሉት 40 ቀናት በየመልእክቱ «ሌላስ ምን ደብቃችሁኛል?» ይላል። እማዬ ጉንፋን ይዟት ድምፅ ብትቀይር፣ «ለምን ድምጿን ሳትልኩልኝ ሁለት ቀን ቆያችሁ?» ይላል። ኢንተርኔቱ ፎቶ የማይችል ሆኖ እንጂ በየቀኑ በጋዜጣ ቀን እያስያዘ ፎቶ ያስነሳት ነበር፤ እንደ ታጋች! ሥራ ላይ ሐሳብ እንዳይዘው ተብሎ የተደበቀ ነገር ያለ ማቋረጥ አሳሰበው።

ይሄንን ለጋሼ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና የራሳቸውን ነገሩኝ። ወጣት ሆነው፣ ሦስት ወር ቆይተው መርከባቸው አሰብ ሲገባ ሁለት ወንድሞቻቸው ወደቡ ላይ ቆመዋል። ጥቁር ለብሰው። «ስሚ ልጄ፣ ገና መሰላሉ ሳይወርድ ገባኝ። ግን አባቴ ይሁን እናቴ አላወቅኩም። ገመድ እስኪታሰር፣ መሰላል እስኪወርድ፣ ኃላፊዎቹ ወጥተው እስኪጨርሱ ሁለት ሰዓት ቆሜ አየኋቸው። እነሱ ከታች፣ እኔ ከላይ። መጮህ አልቻልኩም፣ እነሱም አልጮሁም። አባቴ ኖሯል።»

ከዚያ በኋላ ጋሼ አንድ ሕግ አወጡ። መርከብ ከመውጣታቸው በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመርጣሉ። ምን እንደሚነገራቸው፣ ምን እንደማይነገራቸው፣ በማን በኩል እንደሚነገራቸው ይስማማሉ። «ሌላው የሚለውን አልሰማም። ያ ሰው ደህና ነን ካለኝ ደህና ናቸው፤ ተኝቼ አድራለሁ» አሉኝ። የተመረጠችው ታናሽ እህታቸው ነበረች። ለምን እሷ ስላቸው «መዋሸት ስለማትችል» አሉ።

ወንድሜ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመለሰ። ከቦሌ ወደ አዲሱ ቤት ስንወስደው «በፒያሳ እንለፍ» አለ፤ አለፍን። መኪናውን አቁም አላለም። ቁልፉ ዛሬም ቀለበቱ ላይ ነው። ያለ ሞተር ድምፅ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲሆን ብድግ ብሎ ሳሎን ይቀመጣል፣ የፈረቃው ሰዓት ነዋ! ኢንጂነሩ ጠያቂዬ፣ ይሄም ያንተው ድርሻ ነው። ቤትህ በመጣህ በመጀመሪያው ሳምንት ሠርግና ክርስትና እየተሯሯጥክ አትሂድ፣ ለቤተሰብህም «ዝም ብዬ ብቀመጥ ተቆጥቼ አይደለም» ብለህ አስቀድመህ ንገር።

ለሁለተኛው ኮንትራት ሊሄድ ሲል ግን ሦስታችን፣ እማዬ፣ እሱና እኔ፣ ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። የጋሼን ሕግ በወረቀት ጻፍነው። ሕመም ሆስፒታል ካስገባ ይነገረዋል። ሞት ከሆነ ይነገረዋል፤ ግን በጽሑፍ አይደለም፣ መርከቡ ወደብ ሲቃረብ በስልክ፣ ወይም በኩባንያው በኩል ለካፒቴኑ ተነግሮ ካፒቴኑ አስቀምጦ ይነግረዋል። ፈረቃ ሊገባ ሲል ምንም አይላክለትም። የገንዘብ ጭቅጭቅ፣ የዘመድ ኩርፊያ፣ የቤት ኪራይ መጨመር አይነገረውም። እማዬ «የእኔ ደም ግፊት አይነገረው» ብላ ልታስገባ ሞክራ ነበር። እሱ እንቢ አለ። ግማሽ ሰዓት ተከራክረው፣ «ከ160 በላይ ከሆነ ይነገረው» በሚል ታረቁ። እየሳቃችሁ ነው አይደል? እኛም ስቀን ነበር። ግን በዚያ ዘጠኝ ወር «ሌላስ ምን ደብቃችሁኛል?» የሚል መልእክት አንድም ቀን አልመጣም። አንድ ጊዜ ደም ግፊቷ 170 ገባ። ነገርኩት። «መድኃኒቷን ትዋጥ፣ ጨው ቀንሱባት» አለና ወደ ሥራው ገባ።

ምስጢር ጠባቂው ማን ይሁን ለምትሉ፣ እናት አትሁን። እናት ልጇን ለማዳን ስትል መንግሥተ ሰማያትንም ትዋሻለች። እጮኛም ባትሆን ይሻላል፤ የራሷ ናፍቆት አለባት። እህት ጥሩ ናት። (ይሄን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፣ ትንሽ ግን ነው።) ጥሩ ጓደኛም ይሆናል፣ ወሬ የማይወድ ከተገኘ። ፒያሳ ላይ ከተገኘ ለእኔም አስተዋውቁኝ።

እጮኛዋ መርከበኛ የሆነው እህቴ፣ ረሳችኝ ብለሽ እንዳይሆን። ልጠብቀው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጀማሪ እያለ ዘጠኝ ወር ነው፤ ማዕረጉ ከፍ ሲል በብዙ ኩባንያ ኮንትራቱ ወደ አራትና ስድስት ወር ይወርዳል። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ኮንትራታቸው አልቆ ከመርከብ መውረድ ያቃታቸው መርከበኞች 400,000 ያህል ነበሩ፤ እና ዘጠኝ ሲሉሽ አሥራ አንድም ሊሆን እንደሚችል ያዢው። ሠርጉን ከሚወርድበት ቀን በሳምንቱ እንዳትቀጥሪ። አዳራሽ ተከፍሎ ሙሽራው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የቀረበት ቤት አውቃለሁ።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ እሱን የምጠይቀው አለ። ከመሄዱ በፊት አስቀምጪውና እንዲህ በይው፦ አንተ ባሕር ላይ ሳለህ እኔ ብታመም ትፈልጋለህ እንዲነገርህ? አንተ ብትታመምስ ኩባንያው የሚደውለው ለማን ነው? የአስቸኳይ ጊዜ ተጠሪ ተብሎ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው? የእናቱ ከሆነ ምንም አይደለም፤ የእናቱን ስልክ ያዢና ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየሄድሽ ጠጪ። የማንም ካልሆነ፣ ወይም «ይሄን ምን አስጠየቀሽ?» ብሎ ከተቆጣ፣ የመለሰልሽን ቃል በቃል ጻፊልኝና እንነጋገራለን። ስምሽን አላወጣም።